ፓምፑ አላቆም ሲል፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሳቢያን፣ ከዚራ፣ ለገሀሬ፣ ከየትም ይደወል ጥያቄው አንድ ነው፤ «ፓምፑ አላቆም አለ፣ ምን ይሻላል?» ሥራዬ የቧንቧና የፓምፕ ጥገና ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ ልመልስ። አዲስ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። እንቅልፍ አጣን። ከየት ልጀምር?

ከፓምፑ መውጫ ላይ ካለው ጌት ቫልቭ፣ ማለትም ከመዝጊያው ጀምር። በግፊት ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ስዊች ከቫልቩ በፊት መሆኑን እይና ቫልቩን ጥርቅም አድርገህ ዝጋው። ቆመህ አዳምጥ። ወዲያው ካቆመ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ውሃው ከቫልቩ ወዲያ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ካላቆመ ችግሩ እዚሁ ፓምፑ፣ ስዊቹ ወይም ውሃ መሳቢያው ቱቦ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ተዘግቶ ብዙ ከሠራ ውስጡ ያለው ውሃ ይግላል፣ ፓምፑንም ይጎዳዋል።

ጥያቄ፦ ስዘጋው ቆመ። ግን ቤት ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር አላየሁም።

ሽንት ቤቱን አይተሻል? ባለፈው ከዚራ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ፓምፑ በየሦስት ደቂቃው ይነሳል። ሁለት ጊዜ ስዊች ተቀይሯል። እኔ የሽንት ቤቱን የውሃ ሳጥን ከፍቼ የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ አደረግኩበት። ሳንነካው ሩብ ሰዓት ጠበቅን። እንደ ክር የቀጠነች ቀይ መስመር በሳህኑ ላይ ወረደች። ከታች ያለችው ጎማ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ አላስገጥም ብሏታል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ነገር ታውቁት የለ? እሱው ነው። ጎማዋ ተቀየረች፣ ፓምፑ ዝም አለ። የተለወጡት ሁለት ስዊቾች ምንም አልሆኑም ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሽንት ቤቱ ደህና ከሆነና ፓምፑ ቫልቩ ተዘግቶም ቆሞ ቆሞ መልሶ የሚነሳ ከሆነ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቼክ ቫልቭ አስፈቺው። እዚያም ያው ቅርፊት ይያዝና ውሃው ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ስከፍት ጠቅ ብሎ ይነሳል፣ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። ማቆሚያ የለውም።

ፕሬዠር ታንኩ፣ ግፊት የሚይዘው በርሜል፣ አየር አጥቷል። ውስጡ እንደ ከነማዳሪ ያለ ጎማ አለ፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው አየር። ከኋላው እንደ መኪና ጎማ ያለ የአየር መግቢያ ታገኛለህ። ጫን በለው። ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል፣ ይቀየር። ካልወጣ መብራቱን አጥፋ፣ ቧንቧ ከፍተህ ግፊቱን ጨርሰህ ልቀቀው፣ ከዚያ አየሩን ለካ። ውሃው ሳይለቀቅ የለካኸው ቁጥር ውሸት ነው። ፓምፑ የሚነሳው በ1.4 ባር ከሆነ አየሩን 1.2 አድርገው። የብስክሌት መንፊያ ይበቃል፤ መለኪያ ከጎሚስታ ተዋስ።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ከመሬት ውስጥ ታንከር ይስባል። ግፊቱ አይሞላም፣ አያቆምምም።

መሳቢያው አየር እየሳበ ይመስለኛል። መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቀዳዳው እዚያ ነው። የከፍታውም ነገር አለ። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 10 ሜትር ያወጣል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች 8 ገደማ ብትደርስ ነው፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጉድጓድዎ ጠልቆ ከሆነ ፓምፑን ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ግን መብራቱ ደክሞ ይሆናል፤ ቮልቴጁን ያስለኩ።

ጥያቄ፦ ለካምፕ ባዘጋጀነው ሚኒባስ ላይ ያለችው ባለ 12 ቮልት ፓምፕ አታቆምም። ጀሪካኑ ሙሉ ነው።

ነገሩ ያው ነው፣ በትንሹ። መጀመሪያ የመሳቢያውን ማጣሪያ እጠቡ፣ የቱቦውን ክላምፕ አጥብቁ። ባትሪው ከደከመ ፓምፗ ትሽከረከራለች እንጂ ስዊቿን የሚያጠፋው ግፊት ላይ አትደርስም። ሳትነኳት አልፎ አልፎ ብድግ የምትል ከሆነ ቧንቧዎቹን ፈትሹ፤ ደረቅ ከሆኑ በራሷ ቼክ ቫልቭ ውስጥ አሸዋ ገብቷል። መኪናው ሲንቀሳቀስ መብራቷን አጥፉ። ቱቦ ቢወልቅ ጀሪካኑን በሙሉ ወለሉ ላይ ትገለብጠዋለች።

ጥያቄ፦ የከተማው መስመር ደካማ ነው። ፓምፑን በቀጥታ ልግጠምበት?

አይሆንም፣ እባክህ። የጎረቤትህን ውሃ ትስባለህ። መስመሩ የተሰነጠቀ ቦታ ካለው ደግሞ ከአፈሩ ቆሻሻ ስበህ ለልጆችህ ታጠጣለህ። መጀመሪያ ሮቶ ይሙላ፣ ፓምፑ ከሮቶ ይሳብ።

ጥያቄ፦ ሮቶው ባዶ ሆኖ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። አለቀለት?

ላይሆን ይችላል። ቀዝቅዞ ሲያበቃ ውሃ ሙይበትና አስነሺው። በሞተሩና በፓምፑ መሃል ከተንጠባጠበ «ሲል» የሚባለው ማሸጊያ ተቃጥሏል፤ እሱን ብቻ አስቀይሪ፣ ፓምፕ አትግዢ። ከዚያ ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ስዊች አስገቢ። ውሃው ዝቅ ሲል ራሱ ያጠፋዋል።