«እኩል ነው» ማለት «መልሱ ይኸው» ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ያለኝ እናት ነኝ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በሒሳብ ጎበዝ ናት። ይሁን እንጂ ሰሞኑን 8 + 4 = □ + 5 የሚል ጥያቄ ቀርቦላት በሳጥኑ ውስጥ 12 ብላ በመጻፏ ስሕተት ተባለች። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሳየው 12 ትክክል መስሎኝ ነበር። አስጠኚዋ «ይህ የአልጀብራ ጥያቄ ስለሆነ ከአሁኑ በኤክስ ልጀምርላት» አለኝ። ልጄ ገና የ9 ዓመት ልጅ ናት። በዚህ ዕድሜዋ አልጀብራ ይገባታል? እኔስ በቤት ምን ላድርግላት?
የሱቅ ባለቤት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ መደመር አላቃታትም። 8 እና 4 ሲደመሩ 12 እንደሚሆኑ አሳምራ ታውቃለች። ያደናገራት በመካከል የተቀመጠው የእኩል ምልክት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይህን ምልክት ያየችው ሁልጊዜ ከመልስ በፊት ተቀምጦ ስለሆነ፣ «አሁን መልሱን ጻፊ» የሚል ትእዛዝ አድርጋ ወስዳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ ጥያቄ የተጠየቁት 145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ 12 ወይም 17 ብለው መልሰዋል፤ 17 ያሉት ያዩትን ቁጥር ሁሉ የደመሩት ናቸው። ስለዚህ የእርስዎም ሆነ የልጅዎ ስሕተት የሚያሳፍር አይደለም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ አነጋገራችን ራሱ ችግሩን ያባብሰዋል ብዬ አምናለሁ። «ስምንት ሲደመር አራት ስንት ይሆናል?» ስንል፣ «ይሆናል» የሚለው ቃል ተሠርቶ የሚወጣ ውጤትን እንጂ የሁለት ወገኖችን መተካከል አይነግራትም። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1557 ያስተዋወቀው የዌልሱ የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሬኮርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ነበር። ልጅዎንም «ስምንትና አራት ከስንትና ከአምስት ጋር እኩል ነው?» ብለው ቢጠይቋት ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል።

ሱቅዎ ውስጥ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ካለ ከማንኛውም ደብተር የተሻለ ያስተምርልዎታል። ክብደታቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሳሙናዎችን ይውሰዱና በአንዱ ሳህን ላይ 8 ከዚያም 4፣ በሌላው ላይ 5 ያስቀምጡ። ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዳጋደለ ልጅዎ አንድ በአንድ እየጨመረች ታስተካክለው፤ በሰባተኛው ላይ ይስተካከላል፤ በሳጥኑ ውስጥ የሚገባውም ቁጥር 7 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይበልጥ ያስደስታል፤ ከሁለቱም ሳህን አንድ አንድ ሳሙና በአንድ ጊዜ ስታነሳ ሚዛኑ እንደማይናጋ በዓይኗ ታያለች። ወደፊት በከፍተኛ ክፍል እኩልታ ስትፈታ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይመልሷትና ሳትደምር መልሱን ታገኝ እንደሆነ ይጠይቋት። «5 ከ4 በአንድ ስለሚበልጥ፣ የእኔ ቁጥር ከ8 በአንድ ማነስ አለበት» ካለችዎት አልጀብራ ጀምራለች ማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ 7 = 7 ብለው ጽፈው ትክክል መሆኑን ይጠይቋት። ብዙ ልጆች ምንም ነገር ስላልተደመረ ስሕተት ነው ይላሉ። 9 = 4 + 5 ደግሞ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስላቸዋል። እርስዎም በሱቅ ሒሳብ ላይ 5 + 3 = 8 + 2 = 10 ብለው የሚጽፉ ከሆነ፣ ድምሩ ቢገባንም 5 + 3 ከ8 + 2 ጋር እኩል ስላልሆነ፣ በልጅዎ ፊት በሁለት መስመር ለያይተው ቢጽፉት መልካም ነው።

ያለ ኤክስ ወደ አልጀብራ የሚያስገባው ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ተደጋጋሚ ነገሮችን አስተውሎ ሕግ ማውጣት ነው። እዚሁ ሐዋሳ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪን ባጃጆች የሚያድሩበት ግቢ እንድታስብ ጠይቄያት ነበር። እያንዳንዱ ባጃጅ 3 ጎማ አለው፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ትርፍ ጎማ ተደግፏል። ለ1 ባጃጅ 4፣ ለ2 ባጃጅ 7፣ ለ3 ባጃጅ 10 እያለች በሦስት በሦስት እየጨመረች ሄደች። «100 ባጃጅ ቢያድርስ?» ስላት ግን እርሳሷን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻም «የፈለገው ያህል ባጃጅ ይደር፤ ሦስት ጊዜ ማድረግና ያቺን አንዷን መጨመር ነው» አለችኝ። «የፈለገው ያህል» ስትል በአንድ ጊዜ ስለ ሁሉም ቁጥሮች መናገሯ ነበር። ፊደል ቢጎድላትም ሐሳቡ ሙሉ ነው።

ፊደል አለመኖሩም ነውር የለውም። «አልጀብራ» የሚለውን ቃል ያወረሰን የሒሳብ ሊቁ አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የአልጀብራ መጽሐፉን የጻፈው በቃላት ነበር፤ የማይታወቀውንም ቁጥር በዐረብኛ «ነገር» ይለው ነበር። እኛም ስሙ የጠፋንን ነገር ሁሉ «እንትን» እንላለንና፣ ልጅዎ «እንትን ሲደመር አምስት» ብትል ዕድሜ ጠገብ ልማድ እየተከተለች ነው።

ስለዚህ አስጠኚው ኤክስን ለጊዜው ያቆየው። ትርጉሙ ሳይገባት «ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚል ሕግ ከሸመደደች በኋላ ማስለቀቁ እጅግ አድካሚ እንደሆነ ከማስተማር ልምዴ አውቃለሁ። ፊደሉ «የፈለገው ያህል» ወይም «እንትን» ማለት ሲያሰለቻትና ማሳጠር ስትፈልግ ይድረስላት። እስከዚያው አስጠኚው ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «እንዴት አወቅሽ?» እና «ሁልጊዜ ነው?» ብሎ እንዲጠይቃት ያድርጉ። ለምሳሌ 3 + 5 እና 5 + 3 እኩል መሆናቸውን ስትነግረው፣ በሌሎች ቁጥሮችም እንደዚያው እንደሆነ፣ በመቀነስ ጊዜስ ይሠራ እንደሆነ ራሷ ፈትሻ ትንገረው።