ከኻርቱም እስከ ሊብረቪል፦ ስለ አፍሪካ ኳስ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «ስለ አፍሪካ እግር ኳስ የቆየ ታሪክ የምትጠይቁኝ ካለ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ደስ ብሎኛል። ሁሉንም መመለስ ባልችልም ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ያነሳችኋቸውን መርጫለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አንዷ ኢትዮጵያ ናት ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው ወይስ እኛው ለራሳችን የምናወራው ነው?

እውነት ነው። ሐሳቡ የተነሳው በ1956 ሊዝበን ላይ ነው። ለፊፋ ጉባኤ የሄዱ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች እዚያ ተገናኙና «አህጉራችን የራሱ ማኅበር ይኑረው» ተባባሉ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ማለትም በ1957 ኻርቱም ላይ ካፍ የተባለው የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ሲመሠረት ኢትዮጵያ አራተኛዋ ሆነች። የመጀመሪያው ዋንጫም እዚያው ኻርቱም፣ በዚያው ወር ተካሄደ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገርህ። በግማሽ ፍጻሜ የደረሰችን ደቡብ አፍሪካ ነበረች። እሷ ግን «ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ነው የምልከው» አለች። የተቀላቀለ ቡድን አይታሰብም። ሦስቱ ሀገሮችም «እንግዲያው ይቅርብሽ» አሏት። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን።

ውጤቱ አያሳፍረኝም። እኔ የምኮራው በሌላው ነው። ፊፋ ራሱ ደቡብ አፍሪካን ያገደው በ1961 ነው። ገና ቢሯቸውን በወጉ ያላደራጁ ሦስት ሀገሮች በአራት ዓመት ቀደሙት። ያውም የመጀመሪያ ዋንጫቸው በሦስት ቡድን እንደሚቀር እያወቁ።

ከደሴ፦ አራቱን ጎል ማን አገባ?

አራቱንም አንድ ሰው። ኤል ዲባ የሚሉት መሐመድ ዲያብ አል አታር። በኋላ ዳኛ ሆነ። በ1968 ዋንጫው አዲስ አበባና አስመራ ላይ ሲዘጋጅ፣ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 የረታችበትን ፍጻሜ በፊሽካ የመራው እሱ ነው። አራት ያገባብን ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሜዳችን ላይ ፊሽካ ይዞ ቆመ ማለት ነው።

ከባሕር ዳር፦ ዋንጫውን የበላንበትን ጨዋታ ያየ ሰው ያውቃሉ? እስቲ ይተርኩልን።

ያየ ሰው አላውቅም። የሰማ ሰው ግን አውቃለሁ፤ አባቴ ነው።

ቀኑ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ማለትም በ1962 ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ። ከተማው ገና ከበዓሉ አልወጣም። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋለች፤ ግብፅ ደግሞ ዩጋንዳን 2 ለ 1። አባቴ ያኔ ልብስ ሰፊ ጋ የሚሠራ ጎረምሳ ነው። መግቢያ አልነበረውም። ስለዚህ ከስታዲየሙ ውጭ፣ በለገሃር በኩል አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ጎሉን የቆጠረው በጩኸት ነው።

«ጭጭ ካለ ግብፅ አገባ ማለት ነው» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ጭጭ አለ። በዳዊ የሚባለው የግብፅ አጥቂ አግብቶ ነበር። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዕረፍት በኋላ ተክሌ ኪዳኔ ሲያገባ ምድር ቃጤ ሆነ። ግን ጩኸቱ ሳይበርድ ቁርጥ አለ። አባቴ «ዳኛው ሻረው መሰለኝ» አለ። አልተሻረም። በዳዊ ወዲያው ሁለተኛውን ጨምሮ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ። 4 ለ 2 አለቀ።

አባቴ የመጨረሻዋን ጎል ሲነግረኝ እጁን ጆሮው ላይ ያደርግ ነበር። በዚያች ሰዓት ጎል እየቆጠረ አልነበረም። አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው አቅፎ ነበር። ዋንጫውን ንጉሡ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ሲሰጡም አላየም። ፎቶውን ያየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከስቶክሆልም፦ ሉቺያኖ ቫሳሎ ኤርትራዊ ነው ወይስ ኢትዮጵያዊ? እዚህ ስንገናኝ ሁልጊዜ ያጨቃጭቀናል።

እህቴ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። ሉቺያኖ የተወለደው አስመራ ነው። አባቱ ጣልያን፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ኢታሎ ታናሽ ወንድሙ ነው። ዋንጫው በተበላበት ጥር ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ነበረች። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በዚያው 1962 ኅዳር ላይ ነው። ሉቺያኖ አስመራም ተጫውቷል፤ ድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድንም ተጫውቷል። ከአብዮቱ በኋላ ተሰድዶ ጣልያን ገባ። በ2022 ሮም ውስጥ አረፈ።

ያ ቡድን ያለ አስመራ ልጆች ዋንጫ አይበላም ነበር። ይህን መደበቅ ነውር ነው። ማልያው ደግሞ የኢትዮጵያ ነበር። ይህንንም መደበቅ አይቻልም። እኔ ሁለቱም ወገን ቢኮሩበት ደስ ይለኛል።

ከጅማ፦ ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማ የከተማችን ልጅ ናቸው። ግን እኛ ወጣቶቹ ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አናውቅም። በትክክል ምን ሠሩ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በዚያ ዘመን ጀርመን ሀገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የግጥምና የዜማ ሰው ናቸው። ልጃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ። ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠኑ፤ የ1954 ዓ.ም.ን ዋንጫም አበሉን። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ይህ እንግዲህ የሹመት ዝርዝር ነው። ዋናው ሥራቸው ግን ስብሰባ ውስጥ ነው።

በ1964 ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ቦታ ሲያከፋፍል፣ ከ16ቱ ውስጥ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ የሰጠው አንድ ቦታ ነበር። አፍሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣ ቡድን ገና የእስያውን አሸናፊ ማሸነፍ አለበት። በዚያ ላይ ፊፋ የደቡብ አፍሪካን እገዳ በ1963 አንስቶ ነበር። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው «ይህ ነገር ክብር አይደለም» ብለው ተነሱ። የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ ከጀርባ ነበሩ። በመጨረሻ 15 የአፍሪካ ሀገሮች ከማጣሪያው ወጡ። አስቡት። ጋና በ1963 የአፍሪካ ዋንጫን በልታ ጉልበቷ ላይ ናት። ዓለም ዋንጫ ማለት ደግሞ ለአንድ ተጫዋች ዕድሜ ልኩ አንዴ የሚገኝ ነገር ነው። ያን ዕድል ትተው የቀሩ ልጆች አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው።

በዚያው ዓለም ዋንጫ የጎል ንጉሥ ማን ሆነ? ኤውዜቢዮ። በ9 ጎል። ተወልዶ ያደገው ሞዛምቢክ ነው፤ ያገባው ግን ለቅኝ ገዢዋ ለፖርቹጋል ነው። አፍሪካ ያልተገኘችበትን ድግስ ያደመቀው የአፍሪካ ልጅ ነበር።

በ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። ሞሮኮ ሄደች፤ ምዕራብ ጀርመን ላይ ቀድማ አግብታ 2 ለ 1 ተሸነፈች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ፣ በ1994 ሦስት፣ በ1998 አምስት። ለ2026 ደግሞ ዘጠኝ። ይህ በችሮታ የመጣ አይደለም። ፊፋ ውስጥ ትንሹም ትልቁም ሀገር አንድ ድምፅ ነው ያለው። ከ1960 ወዲህ ነፃ የወጡት ሀገሮች ድምፃቸውን አንድ ላይ ማድረግ ያዙ። እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ በ1974 የፊፋ ፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ለብራዚላዊው ሃቬላንጅ ሲለቅ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ደቡብ አፍሪካም በ1976 ጭራሽ ከፊፋ ተባረረች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የይድነቃቸው እጅ አለበት።

ከጉለሌ፦ ካታንጋ ለምን ካታንጋ ተባለ? ደግሞስ «ቴስታ»ና «ሪጎሬ» ከየት መጡ?

ካታንጋ ከኮንጎ ለመገንጠል የተነሳችው ግዛት ስም ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተው ነበርና ስሙ በየቤቱ ይሰማ ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም እሳት የሆነው ደጋፊ የሚቀመጥበት ወገን በዚያ ስም ተጠራ። ጥላ ፎቅ የተቀመጠ ሰው ያጨበጭባል፤ ካታንጋ ያለው ግን ራሱ ይጫወታል።

ቴስታና ሪጎሬ ጣልያንኛ ናቸው፤ ራስና ፍጹም ቅጣት ምት ማለት ነው። እኛ ሰፈር ውስጥ በካልሲ የጨርቅ ኳስ ጠቅጥቀን፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገን ስንጫወት «ሪጎሬ ነው! አይደለም!» እየተባባልን ነው ያደግነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚለውን የሰማሁት በሬዲዮ ነው።

ከሐዋሳ፦ የአፍሪካ ቡድኖች በጥንቆላ ይጫወታሉ የሚባለው?

የሚያምን አለ፤ የሚፈራም አለ። በ2002 ማሊ ላይ ታዋቂው የካሜሩን በረኛ ቶማስ ንኮኖ፣ ያኔ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ፣ ሜዳ ላይ አስማት ሊጥል ነው ተብሎ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት በፖሊስ ተይዟል። ካሜሩን 3 ለ 0 አሸነፈች። ዋንጫውንም በላች። ያ ቡድን እንደ ኤቶ ያለ አጥቂ ነበረው፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ስለ አፍሪካ ኳስ ሲወራ ይህ ሁልጊዜ መቅደሙ ያሳዝነኛል።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ እንዲህ የጀመርን ሰዎች ምን ነካን?

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ያኔ ውድድሩ ጠባብ ነበር። የ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አራት ቡድን ብቻ ነበረው። በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ ሀገሮች ነፃ ወጥተዋል። እነሱ መጥተው ሲደርሱ እኛ በያዝነው ፍጥነት አልሄድንም። ከ1982 በኋላ ወደ ዋንጫው የተመለስነው በ2013 ነው። 31 ዓመት! ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ያለፍንበት የጥቅምት 2005 ዓ.ም. ቀን፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ሲያገቡ፣ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ።

ሁለተኛው ሜዳ ነው። ኳስ የተጫወትንባቸው ባዶ ቦታዎች ዛሬ ሕንፃ ናቸው። ስታዲየሞቻችን ደግሞ የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳው» የተባለውን ጨዋታ ሰው ሀገር ሄዶ ሲጫወት ከርሟል። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን! ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ግን የተጫወትነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። አባቴ በጩኸት ጎል በቆጠረበት አጥር በኩል ያን ቀን ብታልፍ ምንም አትሰማም ነበር። ይህ ከሽንፈት በላይ ያመኛል።

ከሪያድ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚያውቀው የአውሮፓ ክለቦችን ብቻ ነው። አንድ የአፍሪካ ጨዋታ ላሳየው ብል የቱን ይመርጡልኛል?

ካሜሩን በ1990 አርጀንቲናን 1 ለ 0 የረታችበትን ልልሽ ነበር። ሞሮኮ በ2022 እስከ ግማሽ ፍጻሜ የሄደችበትንም አሰብኩ። ግን የ2012ቱን የዛምቢያና የአይቮሪኮስት ፍጻሜ አሳዪው። መጀመሪያ ግን ይህን ንገሪው።

በሚያዝያ 1993 የዛምቢያ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ ሴኔጋል ሲበር፣ የጫነው ወታደራዊ አውሮፕላን ጋቦን፣ ሊብረቪል ላይ ነዳጅ ቀድቶ እንደተነሳ ባሕር ውስጥ ወደቀ። 30 ሰው ነበረበት። ማንም አልተረፈም። ኮከባቸው ካሉሻ ብዋልያ ሆላንድ ይጫወት ስለነበር በዚያ አውሮፕላን አልነበረም። በወራት ውስጥ አዲስ ቡድን ሰብስበው በ1994 ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፤ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፉ።

አደጋው ከደረሰ ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ዛምቢያ እንደገና ፍጻሜ ገባች። የት? ሊብረቪል። ካሉሻ ያኔ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበር። ተጫዋቾቹ ከፍጻሜው በፊት ባሕሩ ዳር ሄደው አበባ አኖሩ። በጨዋታው የአይቮሪኮስቱ ድሮግባ ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ላይ ሰደደ። 0 ለ 0 ቀረ። በመለያ ምቱ ጊዜ ዛምቢያውያኑ ተያይዘው ይዘምሩ ነበር፤ ልጅሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይስማው። 8 ለ 7 አሸነፉ። የመጨረሻዋን የመታው ሱንዙ ነው።

ከዚያ ቴሌቪዥኑን አታጥፊው። ሙሶንዳ የሚባለው ተከላካይ ጨዋታው ገና ሲጀመር ተጎድቶ ወጥቶ ነበር፤ መራመድ አይችልም። አሠልጣኙ ኤርቬ ሬናር እንደ ሕፃን ታቅፎት፣ ጓደኞቹ ወደሚጨፍሩበት መሐል ሜዳ ይዞት ይሄዳል።