ራሴን መቀየር ያቃተኝ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ አልቆ ኳሶቹን ስሰበስብ አንድ ወጣት ወደ እኔ መጣ። 24 ዓመቱ ነው። እዚህ በርሊን በአንድ የሰፈር ክለብ አጥቂ ሆኖ ይጫወታል። "ጋሼ፣ ጉልበቴ እያስቸገረኝ ነው። ወደ አሰልጣኝነት ልዙር እያልኩ ነው። ጥሩ ተጫዋች የነበረ ሰው ወዲያው ማሰልጠን አይችልም እንዴ?" አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። "ቆይ፣ ጽፌ እሰጥሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት። ይኸው እየጻፍኩ ነው። እንደ እሱ የምታስቡ ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ይሁን።

ትዝ ያለኝ ነገር የሆነው በ2006 ክረምት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። እዚያ ለመድረስ ግን ከኢራናዊው አጥቂ ከአሊ ዳኢ መጀመር አለብኝ።

ብዙዎቻችሁ ዳኢን የምታውቁት በሮናልዶ በኩል ነው። ሮናልዶ በ2021 አየርላንድ ላይ ሁለት ጎል አግብቶ ከወንዶች ለብሔራዊ ቡድን ብዙ ጎል በማስቆጠር አንደኛ ሲሆን፣ የበለጠው የዳኢን 109 ጎል ነበር። ለእኔ ግን ዳኢ እኩያዬ ነው። ሁለታችንም የ1969 ልጆች ነን። እሱ አርዳቢል፣ ሰሜን ምዕራብ ኢራን ተወለደ። እኔ ጉለሌ።

ስለ እሱ መጀመሪያ የሰማሁት በርሊን መጥቼ ከተከራየሁበት ቤት ሥር ሱቅ ከነበረው ሰው ነው። እሱም የአርዳቢል ልጅ ነበር። ስኳሩን በጥርሱ ይዞ ነው ሻይ የሚጠጣው። እኔ ቡና አፍልቼ አወርድለት ነበር። አንድ ቀን ሦስተኛውን ስኒ "ይኼ በረካ ይባላል" ስለው ስኒውን አስቀምጦ ደረቱን ያዘ። ቃሉ በእነሱም ቋንቋ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱንም ሳይጠጣ ቀርቶ አያውቅም። ይህ ሰው ስለ ዳኢ ሲያወራ ስለ ወንድሙ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቴህራን ውስጥ ሻሪፍ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን፣ ብረታ ብረት ምሕንድስና ማጥናቱን ሁሌ ይነግረኛል። ሻሪፍ መግባት እነሱ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

ተማሩ የሚለውን ምክር ወላጆቻችሁ አሰልችተዋችኋል፤ እኔ አልደግመውም። የምነግራችሁ ሌላ ነው። ዳኢ ለብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረው በ1993 ነው፤ 24 ዓመቱ ነበር። ለባንክ ተጃራት ተጫወተ፣ ለፐርሴፖሊስ ተጫወተ፣ ኳታር ሄዶ ለአል ሳድ ተጫወተ። ጀርመን የደረሰው 28 ዓመቱ ላይ ነው፤ ከአገሩ ልጅ ከከሪም ባገሪ ጋር ቢልፌልድ የሚባል ክለብ ገባ። በዓመቱ ባየርን ሙኒክ ወሰደው። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች 19 ሲሞላቸው "አሁንማ አለፈብኝ" ይሉኛል። ስልካቸው ላይ የ16 ዓመት ኮከብ ስለሚያዩ ነው። ያቺ ስልክ እድሜያችሁን አሳስታ እየነገረቻችሁ ነው።

ባየርን ቤት ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ነበር። በ1999 ባርሴሎና ላይ ባየርን በማንቸስተር ዩናይትድ በባከነ ሰዓት ጭማሪ ሁለት ገብቶበት የቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያጣ ዕለት ዳኢ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። አልገባም። በዚያው ክረምት እኛ ከተማ መጣ፣ ኸርታ በርሊን። በመስከረም ቼልሲ ሲመጣ ከባለ ሱቁ ጋር ኦሎምፒያ ስታዲየም ገባን። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አገባ፤ ብዙ ሰው ገና ወንበሩን እየፈለገ ነበር። ከእረፍት በኋላ ሁለተኛውን ደገመ። ኸርታ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው። ባለ ሱቁ የማያውቃቸውን ጀርመኖች እያቀፈ ሳማቸው። ያኔ ሁለታችንም 30 ነበርን፣ ዳኢና እኔ። እሱ ቼልሲ ላይ ሲያገባ እኔ በሐበሻ ቡድናችን ቁጥር 9 ነበርኩ፤ ልቤ ግን አብሮት ነበር የሚሮጠው።

አሁን 2006 ደረስን። የዓለም ዋንጫው እዚሁ ጀርመን ነው። ዳኢ 37 ዓመቱ፣ የኢራን አምበል። የመጀመሪያው ጨዋታ ኑረምበርግ ላይ ከሜክሲኮ ጋር ነበር፤ በሱቁ ቴሌቪዥን አየነው። እስከ 76ኛው ደቂቃ 1 ለ 1 ነበሩ። ዳኢ ኳስ ይጠይቃል፣ ይደርሳታል፣ ግን አንድ እርምጃ ይዘገያል። ዳኢን እንደ ወንድሙ የሚወደው ባለ ሱቁ እንባ ባቀረረው ዓይን "ይውጣ! አሁን ይውጣ!" እያለ ጮኸ። ዳኢ አልወጣም። ሜክሲኮ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጨምሮ 3 ለ 1 አለቀ። እኔ ያን ቀን "አሰልጣኙ ነው ጥፋተኛው፤ ወጣት ማስገባት ነበረበት" ብዬ ተንትኜለት ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት እንኳ አልቆየም።

በየክረምቱ አውሮፓ ውስጥ ያሉ ሐበሾች አንድ ከተማ ተሰባስበው ኳስ ይጫወታሉ። የኛ ቡድን አሰልጣኝ እኔ ነበርኩ። አምበሉም እኔ። ቁጥር 9ም እኔ። ቡድኑን ከመሠረቱት አንዱ ስለሆንኩ "ይህ እንዴት ይሆናል?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጓዝን። ከኋላ ድፎ ዳቦ እየተቆረሰ ይታደላል። ከመሃል አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተቀምጧል። እዚሁ የተወለደ ነው። አማርኛው ይሰባበራል፤ ሩጫው ግን ምንም አይጎድለውም። በዚያ ዓመት በልምምድ ላይ ከእኔ ይሻል ነበር። ይህን አውቅ ነበር። እናቱ ከሥራዋ ፈቃድ ለምና አብራን መጥታለች። አጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና "ልጄ ይጫወታል አይደል?" አለችኝ። "ይጫወታል እንጂ!" አልኳት።

የምድብ ጨዋታዎቹ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ አስገባሁት። ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ቀኑ ሐሩር ነው፣ ሣሩ ደርቆ ይቆረቁራል። እስከ እረፍት 0 ለ 0። 55ኛው ደቂቃ ላይ ባቴን ቁርጠት ያዘኝ። መሬት ቁጭ ብዬ የጫማዬን ጫፍ ሳብኩ። ወደ ወንበሩ ዞሬ ልጁን "አሟሙቅ" አልኩት። ብድግ አለ። በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ሮጠ። ቁርጠቱ ትንሽ ለቀቅ ሲያደርገኝ በእጄ "ቆይ" አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያው ሆነ፤ ቁርጠት፣ "አሟሙቅ"፣ "ቆይ"። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሰደርያውን አውልቆ ማሊያውን ቁምጣው ውስጥ ከትቶ ቆመ። ሰሌዳውን የያዘው ጓደኛችን 9ን አውጥቶ እኔን እኔን ያያል። ያቺን ቁጥር ወደ ላይ የሚያስነሳት የእኔ ትእዛዝ ብቻ ነው። እንደገና "ቆይ" አልኩ።

ወዲያው ከቀኝ በኩል ጥሩ ኳስ ተሻገረች። ወጣት አጥቂ ቢሆን ዘሎ ይገጫታል። እኔ ግማሽ እርምጃ ዘገየሁ፤ በአፍንጫዬ ሥር አለፈች። በረኛቸው ይዞ ረጅም መታት፣ ተከላካዮቻችን ወጥተው ነበር፣ አገቡብን። የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላም አለመውጣቴ ነው። ጎል የሚያስፈልገን አሁን ነው፣ ልምድ ይፈልጋል አልኩ ለራሴ። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

መልበሻ ክፍል ማንም አልተናገረም። ልጁ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ታኬታውን ፈታ። ገልብጦ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጥርሶቹ መሃል አፈር የለም፣ ሣር የለም። የመስመሩ ነጭ ኖራ ብቻ ነው ያለው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በመስመሩ ላይ ሲመላለስ የያዘው ኖራ።

ስንመለስ እናቱ ከፔርሙዝ ቡና ቀድታ ለእኔም አቀበለችኝ። ምንም አላለችኝም። መስከረም ላይ ልምምድ ስንጀምር ልጁ አልመጣም። ሌላም ክለብ አልገባም።

ልቤን ለማሳረፍ ብዙ ሰበብ ፈልጌያለሁ። አንዱን የሰጠኝ ራሱ ዳኢ ነው። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የመኪና ፋብሪካው ክለብ ሳይፓ ከጀርመናዊው አሰልጣኙ ከቨርነር ሎራንት ሲለያይ ቡድኑን ለዳኢ ሰጠው። እየተጫወተ አሰለጠነ። በ2007 የኢራን ሊግ ዋንጫን በላ። ማሊያውን ያወለቀው ከዚያ በኋላ ነው። "አየህ፣ ይቻላል!" አልኩት ባለ ሱቁን። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ላይ መሥራት አይቻልም ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ሰው ችሎታል፤ ያውም በ38 ዓመቱ። እኔ ግን አሁንም ለማንም አልመክርም። ይጋጫል፣ አውቃለሁ። ያየሁት ታኬታ ነው እንዲህ የሚያስብለኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በመጋቢት 2008 የኢራን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ አደረጉት። በአሰልጣኝነት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ስሙ ግን ትልቅ ነው፤ 109 ጎል፣ ከወንዶች ከሁሉም በፊት መቶ የደረሰ ሰው። ልክ በዓመቱ አዛዲ ስታዲየም ላይ ሳውዲ አረቢያን ገጠሙ። ሾጃኢ አግብቶ 1 ለ 0 መሩ። ከዚያ ሳውዲ ሁለት አገባች። ዳኢ ወዲያው ተባረረ። ኢራንም ለደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ ሳታልፍ ቀረች። ያ ሁሉ ጎል አንድ ተጨማሪ ጨዋታ አልገዛለትም። ሰው በስምህ ወንበሩን ይሰጥሃል፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥክ በኋላ ግን ከአንተ የሚጠብቁት ሌላ ሥራ ነው።

እኔ ዳኢን የማከብረው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው፤ ከጎሎቹም ይበልጥብኛል። አኩርፎ ቤቱ አልገባም። ፐርሴፖሊስን ይዞ በ2010 እና በ2011 የኢራንን ጥሎ ማለፍ፣ የሐዝፊ ዋንጫን በላ። ከዚያ ራህ አሃን ገባ። ስሙ በፋርስኛ ባቡር ሐዲድ ማለት ነው፤ የባቡር ሠራተኞች ክለብ ነበር። እዚያ እያለ በ2012 ከኢስፋሃን ሲመለስ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ፤ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ2017 ደግሞ ገንዘብ ያጠረውን ናፍት ቴህራንን ይዞ ያንኑ ዋንጫ ደገመ። ባየርን ሙኒክ የተጫወተ ሰው ነው። ዝቅ ብሎ መሥራት አላሳፈረውም። ዛሬ ሁለት ቪዲዮ ለቅቆ "ኮች" ተብሎ መጠራት የሚፈልግ ልጅ ሳይ ይህ ነው የሚታየኝ። ደግሞ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ ማለቴ አይደለም። እኔ ጋ ዝናብ ሳይል እየመጣ ኮኖቹን የሚደረድር የ20 ዓመት ልጅ አለ፤ በእሱ እድሜ እኔ እንደሱ አልነበርኩም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ ልጄ። ጥሩ ተጫዋች ወዲያው ማሰልጠን ይችላል? ኳሷ የት እንደምትወድቅ ታውቅ ይሆናል፤ እኔም አውቅ ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ፊት ማንበብ ግን ጎል በማግባት የሚመጣ ነገር አይደለም። እኔ የተማርኩት ማሊያዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው። በ39 ዓመቴ ላይሰንስ ለመውሰድ ኮርስ ገባሁ፤ ከዚያ ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ያዝኩ። እስከ ዛሬ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ማን ስንት ደቂቃ እንደገባ በደብተር እጽፋለሁ። አንተም ማሰልጠን ከፈለግክ መጀመሪያ መጫወቱን ጨርስ። ጉልበትህን ታከምና የቀረህን ተጫወት። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ና፤ ትንንሾቹን አብረን እንይዛለን።

ያን ልጅ ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ጢም አውጥቷል፣ አማርኛው ተስተካክሏል። ውጭ ደረጃው ላይ አብረን ተቀመጥን። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። "ጋሼ፣ ያለመግባቴ እኮ አይደለም የከፋኝ። 'ቆይ' ሲሉኝ አንዴም ወደ እኔ አላዩም፤ እጅዎን ብቻ ነው ያየሁት" አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ከውስጥ ሻይ አምጥቶ ሰጠኝ።

እሱ አሁን እኔ ያን ቀን በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ነው። እናቱ ከእኔ ቤት በባቡር ሁለት ፌርማታ ላይ ትኖራለች። በበዓል እንገናኛለን፣ ደህና ነኝ ደህና ነሽ እንባባላለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም። "ይጫወታል እንጂ" ያልኩት ለእሷ ነው። ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ከማድረሴ በፊት ነገ ሄጄ ለእሷ አነብላታለሁ።