ሸፍ ደብተር ላይ ከስሜ ጎን

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎት ስለ አንድ አዛውንት ነው። ዘመዴ አይደሉም፣ ጎረቤቴም አይደሉም። ሙሉ ስማቸውን እንኳ የሰማሁት ቀብራቸው ላይ ነው። ያውም ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠሩ የሌላ ሰው ቀብር ላይ የቆምኩ መስሎኝ ደንግጬ ዞር ዞር ብያለሁ። እኛ ሸፍ ነበር የምንላቸው። ሸፍ ደ ጋር፣ የጣቢያ ሹም እንደማለት።

የድሬ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። "ለገሃር" ስንል "ላጋር በሉ!" እያሉ ያርሙናል። አዲሱ ባቡር በ2010 ሰው ማመላለስ ሲጀምር፣ ባቡር ሲያይ ልቡ የሚጠፋውን ሁሉ ከየሰፈሩ ለቃቅመው ወደ ድሬ ይወስዱን ጀመር። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጆች አለን፣ ኢንጂነር አለ፣ አንዲት ነርስ አለች፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዓመት አንዴ፣ ሲመች ሁለቴ፣ ከሃያ የማንበልጥ ሰዎች እንሄዳለን። ትርፍ የለውም። ሁሉም የራሱን ይከፍላል፣ እንቁላሉን ግን ሸፍ ናቸው የሚቀቅሉት። ጨውና ሚጥሚጣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጣሉ።

ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ለእያንዳንዳችን ይደውላሉ። "ነገ 1 ሰዓት ለቡ ጣቢያ። 1 ሰዓት ማለት ሩብ ጉዳይ ነው።" ይዘጋሉ። ሌላ ወሬ የለም።

የሚገርመው አዲሱን ባቡር አያዩትም። እኛ በኤሌክትሪኩ ስንንሸራተት እሳቸው ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለውን አሮጌ ሐዲድ ይፈልጋሉ። "ያውላችሁ! ከሐዲድ ሐዲድ አንድ ሜትር! አንድ ሜትር ብቻ!" የአሁኑ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ይህን ቁጥር ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ በ1886 እንደሰጡ፣ ባቡሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ተራራው ስለከበደ ቆላ ቀርቶ ድሬዳዋ በዚያ ምክንያት እንደተቆረቆረች፣ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ትባል እንደነበር፣ ድሬ በ1895 ደርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 እንደፈጀ፣ ይህን ሁሉ ሳንጠይቃቸው ነው የሚነግሩን። ድሬ ስንደርስ በባጃጅ ወደ አሮጌው ጣቢያ። ዘበኛውን በስሙ ጠርተው፣ ስለ ልጁ ጠይቀው ያስከፍቱልናል። ወርክሾፑ ውስጥ ገብተው አንዱን የፈረንሳይ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫውን ማሽን፣ በእጃቸው መዳፍ ዳበስ ሲያደርጉት፣ በቃ እዚያ ላይ ማንም አያወራም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በመጨረሻ አብሬያቸው በሄድኩበት ጉዞ፣ ስንመለስ፣ ይህን ነገር ለምን ቢዝነስ አናደርገውም አልኳቸው። ቱሪስት እንውሰድ፣ እናስከፍል፣ ፈቃድ እናውጣ። አይሆንም አሉ። ደጋግሜ ስነዘንዛቸው "እኔ ትኬት ሻጭ አይደለሁም" አሉኝ። እኔም ንዴቴ መጣና በሰው ፊት "እርስዎማ የሞተ ባቡር ዘበኛ ነዎት" አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ወደ መስኮቱ ዞሩ። አዳማ እስክንደርስ ፊታቸውን አላየሁትም።

ለሚቀጥለው ጉዞ እንደ ልማዳቸው ማታ ደወሉ። ሁለት ጊዜ። አላነሳሁም። አፍሬ ነበር፣ ትንሽም ኩርፊያ ነበረብኝ። ጉዞው ያለ እኔ ሄደ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ታመው አረፉ። ሁለቱ ሚስድ ኮል እስካሁን ስልኬ ውስጥ አሉ።

አርባቸው ላይ ባለቤታቸው ጠሩኝና ደብተራቸውን ሰጡኝ። ያቺ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳሷ በክር የታሰረችባት። የየጉዞው ስም ዝርዝር አለ፣ የከፈለ ራይት ተደርጎበታል፣ የቀረ በማስመሪያ ተሰርዟል። የመጨረሻው ዝርዝር ላይ ከእኔ ስም ጎን የጥያቄ ምልክት አለ።

አሁን አብረውን የሚጓዙት ልጆች ለሙት ዓመታቸው መታሰቢያ ጉዞ እናድርግ ብለዋል፣ ምራን ያሉትም እኔን ነው፣ ደብተሩ እኔ ጋ ስላለ። ግማሹ ፎቷቸው ያለበት ቲሸርት እናሳትም ይላል፣ ግማሹ ባነር፣ አንዱ ደግሞ ድሬ ጣቢያ ላይ ስማቸው ተቀርጾ ይሰቀል ባይ ነው። የተናገርኳቸውን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አስታውሳለሁ። በምን አፌ ነው ቆሜ ስለ እሳቸው የምናገረው? ልተወው ወይስ ልምራው?

ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ለእንቁላሉ ስል ነው።

ከጥያቄ ምልክቱ ልጀምር፣ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ስለሆነ። አንተ ራስህ እኮ ጽፈኸዋል፣ የቀረ ሰው በማስመሪያ ይሰረዛል። አንተ አልተሰረዝክም። ስልክ ያላነሳ ሰው፣ በሰው ፊት የዘለፋቸው ሰው፣ ባቡሩ እስኪነሳ ድረስ ቦታው ተይዞለት ነበር። የጥያቄ ምልክት እኔ በማውቀው የመዝገብ ቋንቋ "ገና አልታወቀም" ማለት ነው፣ "ጠላቴ ነው" ማለት አይደለም። ባለቤታቸውም ደብተሩን የሰጡት ለአንተ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል መርጠው።

ግን ይህን ከእኔ መስማት አይበቃህም። ባለቤታቸው ቤት ሂድ። ለጉዞው ጉዳይ ሳይሆን ለራስህ ጉዳይ። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘህ፣ ሰው በማይበዛበት ቀን፣ ብቻህን። "እናቴ፣ እንዲህ ብያቸው ነበር" በልና የተናገርከውን ቃል በቃል ንገራቸው። አታሳምረው፣ አታለስልሰው። ባል ማታ ቤቱ ገብቶ የማያወራው ነገር የለም፣ ያን ቀን ሸፍ ምን እንዳሉ ባለቤታቸው ያውቃሉ። ምናልባት አንድም ቀን አላነሱህ ይሆናል። ምናልባት ስቀዋል። ተቀይመውም ከነበረ ይነገርህና ይቅርታውን እዚያው ትጠይቃለህ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ብዙ ነገር ይወጣል።

አሁን ስለ ጠቡ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሐሳብህ ክፉ አልነበረም። ድሬ ያለውን ነገር ሰው ከፍሎ ቢያየው ለከተማዋም ለዘበኛውም ደግ ነው። ጥፋትህ ቦታውና ቃሉ ነው። ሙሉ ፉርጎ ሰው ፊት፣ ለዚያውም ዕድሜውን ለዚያ ሐዲድ ለሰጠ ሰው "የሞተ ባቡር" አይባልም። የአዲስ አበባና የድሬው አሮጌ ባቡር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲቆም እነዚህ ሰዎች ሥራ ብቻ አይደለም ያጡት። ድሬ እኮ በባቡር ፉጨት ሰዓቱን የሚያውቅ ከተማ ነበር። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር በሦስተኛ ማዕረግ ሄጃለሁ። አክስቴ ስትሄድ ቀጭን፣ ስትመለስ ወፍራም ነበረች። ከላዩ ላይ አራት ቀሚስ ደርባ ነዋ! ፈታሹ ሲመጣ እኔን ጭኗ ላይ ታስቀምጠኝና "ልጁ ታሟል" ትላለች፣ እኔ ሴት ልጅ መሆኔን እንኳ በድንጋጤ ረስታው። አዋሽ ጣቢያ ስንደርስ ቡፌ ዳዋሽ ሆቴል በራፍ ላይ ወርደን ውኃ ስንጠጣ ያቺ ሞቃት አየር፣ ያ የናፍጣ ሽታ። ይቅርታ፣ ከመስመር ወጣሁ።

ጉዞውን ምራ። ሌላ ሰው የለም፣ ደብተሩ አንተ ጋ ነው።

ቲሸርቱን ግን ተዉት። በጭራሽ አልወደድኩትም። ሰውየው አዲሱን ባቡር እንኳ ዞር ብለው ያላዩ ሰው ናቸው፣ ፊታቸው ሃያ ደረት ላይ ታትሞ ሲያዩ ምን ይሉ ነበር? ባነሩም ይቅር። ስም የማስቀረጹ ነገር ደግሞ የጣቢያው ባለቤት የሆነ አካል ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፣ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከፈለጋችሁ ሌላ ጊዜ በማመልከቻ ጠይቁ፣ ጉዞውን ግን በእሱ አታዘግዩት።

ንግግር እንዴት አደርጋለሁ ብለህ ተጨንቀሃል። ማን አድርግ አለህ? አንተ የጻፍክልኝ ሰውዬ ንግግር አላደረጉም። ደወሉ፣ ዝርዝር ያዙ፣ እንቁላል ቀቀሉ፣ ዘበኛውን ስለ ልጁ ጠየቁ። ሸፍን ሸፍ ያደረጋቸው ይሄ አሰልቺው ሥራ ነው፣ የባቡር ፍቅርማ ሁላችሁም አላችሁ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ለሃያውም ሰው አንተ ደውል። ሜሴጅ አትላክ፣ ግሩፕ ላይም አትለጥፍ፣ ደውል። "1 ሰዓት ማለት ሩብ ጉዳይ ነው" በል። አንዳንዱ ያለቅስብሃል፣ ተዘጋጅ። እንቁላሉን ከባለቤታቸው ጋር ቀቅሉት፣ ሚጥሚጣው የእሳቸው ይሁን። አብረው ልሂድ ካሉ የመስኮቱ ወንበር የእሳቸው ነው።

ድሬ ስትደርሱ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የሸፍ ጓደኞች፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ አሁንም ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር አይጠፉም። ፈልጓቸውና ምሳ ጋብዟቸው። ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ያውሩ፣ ድምፃቸውን ቅዱ። በጣልያን ጊዜ ስለመጣችው ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር፣ ስለ ሊቶሪና፣ ይንገሯችሁ፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ይንገሯችሁ። ሸፍ ሳትጠይቋቸው የነገሯችሁን እነዚህን መጠየቅ አለባችሁ፣ ጊዜው ሳያልፍ።

ወርክሾፑ ውስጥ ቶርኖው ጋ ስትደርሱ ዝም በሉ። ድሮም ዝም ነው የምትሉት።

የቢዝነሱን ነገር ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከባለቤታቸውም ተማክራችሁ ተነጋገሩበት። ሰው ፊት አይደለም፣ ባቡር ውስጥም አይደለም።

ሚስድ ኮሎቹን አታጥፋቸው፣ ቢኖሩ ምን ይጎዱሃል። ትኬቱን ግን ቀደም ብለህ ቁረጥ፣ ሁሉም መታወቂያ ይያዝ። ቦታ ከተረፈ እኔንም መዝግበኝ። ጉልበቴ ያመኛል፣ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከስሜ ጎን የጥያቄ ምልክት አድርግበት።