ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንዱ ባትሪ 36 ቮልት 15 አምፔር ሰዓት፣ ሌላው 48 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ይላል። የትኛው ርቆ ያስኬዳል?

መልስ፦ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙት፤ የሚያገኙት ዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው። የመጀመሪያው 540 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ሁለተኛው 480። ስለዚህ የመጀመሪያው ይበልጣል። ፔዳል እያገዙ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ከሄዱ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ዳገት፣ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመሩበት ፍጆታው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሻጮች የሚነግሩት ርቀት ብዙውን ጊዜ በቀላሉ መንገድ የተሰላ ስለሆነ እኔ ሁልጊዜ ዋት ሰዓቱን ነው የምጠይቀው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ኮንትሮለርዎ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል) የሚቀበለውን ቮልት ያረጋግጡ፤ ለ36 ብቻ የተሠራው በ48 ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ባለ 36 ቮልት ሲሞላ 42 ያሳያል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። በተከታታይ የተያያዙ 10 ሴሎች (ውስጡ ያሉ ትናንሽ ባትሪዎች) አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ቻርጀሬ ጠፋብኝ። መሰኪያው የሚገጥም ሌላ አግኝቻለሁ፤ እሱም እንደ ባትሪዬ ለ48 ቮልት ነው።

መልስ፦ እባክዎ አይሰኩት! «48 ቮልት» የሚባሉት ሁሉ አንድ አይደሉም። 13 ሴል የተደረደረበት የተለመደው ሊቲየም አዮን 54.6 ቮልት ላይ ይሞላል። ሌላ ዓይነት የሆነው፣ 16 ሴል ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ቻርጀር ግን እስከ 58.4 ይሰጣል። በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ትርፉን ይቆርጠው ይሆናል፤ እሱ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው፣ በየቀኑ ሊፈተን አይገባም። ከመጠን በላይ የተሞላ ሴል ሊቀጣጠል ይችላል፣ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን የውጤት ቮልት ከባትሪዎ ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ይሻላል?

መልስ፦ ክብደቱ ካላስቸገረዎት አዎን። ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ያገለግላል፣ ሙቀትንም የበለጠ ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ ለጥቂት ወራት ብስክሌቱን አልጠቀምበትም።

መልስ፦ ግማሽ ያህል ሞልተው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ አልፎ አልፎም ይፈትሹት። ከዜሮ ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ሳይሞቅ አይሙሉት፤ ሴሎቹ ውስጣቸው ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ወድቆ ጎኑ አብጧል፤ ግን ይሠራል።

መልስ፦ መሥራቱ አያታልልዎት። ዳግመኛ አይሙሉት፣ አይክፈቱት። ከሚቃጠል ነገር አርቀው ከቤት ውጭ ያስቀምጡትና አሮጌ ሊቲየም ባትሪ ለሚቀበል ተቋም ያስረክቡ። አዲሱንም ሲሞሉ መውጫ በር አጠገብ አይሁን፤ እሳት ቢነሳ የሚዘጋው መንገድዎን ነው።