ስንዴው በሁለተኛ ዓመቱ ለምን ዋግ መታው ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ዋግ (ቅጠሉና ግንዱ ላይ ዱቄት የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ) ይችላል ተብሎ የተሰጠህ ስንዴ በሁለተኛ ዓመቱ ለምን ተመታ፣ ነጋዴው ሆርሞን ርጭበት ያለኝስ ያዋጣል ወይ ነው ያልከው። እኔ እርሻ ተምሬያለሁ ግን ዋግን ያወቅኩት ደብረ ኤልያስ አባቴ ማሳ ላይ ነው፣ 2003 ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ዘርተን፣ መሐሉ ገብተህ ስትወጣ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ እርድ የተነሰነሰበት ነበር የሚመስለው። አባባ የሰው ዓይን ነው አለ። ለካ ቢጫ ዋግ ያን ዓመት ስንት አገር አዳርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዝርያው የሚተማመነው ባንድ ጠንካራ ጂን ነው። ያ ጂን እንደ ዘበኛ ነው፣ ፈንገሱ ወደ ሕዋሱ የሚያስገባትን አንዲት ፕሮቲን ሲያይ ይጮሃል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚሉት ሆርሞን (የአስፕሪን ዘመድ ነው) እዚያ ቦታ ይበዛና ሕዋሱ ራሱን ይገድላል። ዋግ ደግሞ ያለ ሕያው ሕዋስ አይኖርም፣ ይራባል። ግን ፈንገሱ ያቺን ፕሮቲን ትንሽ ከቀየራት ዘበኛው አያውቃትም፣ በቃ። 2006 አርሲና ባሌ ላይ ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ ጉድ የሠራው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው።

ሌላ ዓይነት ጂን አለ፣ ኤልአር 34 ይሉታል፣ ዋግን አያጠፋም ያዘገየዋል እንጂ፣ በዋናነት የሚሠራው ስንዴው ሲጎለምስ ነው ግን ስንት ዘመን ሳይሰበር ቆይቷል። ድርቅ ሲመጣ ተክሉ የሚያበዛውን አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን የሚያመላልስ ፕሮቲን ነው የሚሠራው። የላይኛው ቅጠል ጫፍ ይደርቃል፣ ምልክቱ ነው። ልማት ሠራተኛ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጫፍ አይቼ ዋግ ነው ብዬ አንድ ገበሬ ኬሚካል አስገዝቼዋለሁ፣ ቅጠሉን በጣቴ ባሸው ዱቄት የለውም ነበር እኮ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ነጋዴው ርጭ ወዳለህ ሆርሞን ስንመጣ፣ መከላከያ ሆርሞኑን ተክሉ ራሱ ነው በሰዓቱ በቦታው የሚያመነጨው። ደግሞ ሕዋስ ገድሎ የሚበላ ፈንገስን ለመከላከል ብዙ ጊዜ ተክሉ የሚያስፈልገው ሌላ ሆርሞን ነው፣ ጃስሞኒክ አሲድ፣ አንዱ ሲያይል ሌላውን የሚጫንበት ጊዜ አለ። ዱቄቱ ከወጣ በኋላማ ሆርሞን አያድንህም፣ ፀረ ፈንገስ ነው፣ እሱም ቶሎ ከሆነ። ለከርሞ አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ዘንድሮ የትኛው ዝርያ እየቻለ እንደሆነ ጠይቅ፣ ያለህን መሬት ሁሉ ባንድ ዘር አትሸፍነው። የነጋዴውን ጠርሙስ ጽሑፉ እንዲታይ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልኝ እስቲ፣ ምን እንደሆነ ልየው።