መልስ፦ የድመት ሽንት ሽታ ዝናብ ሲመጣ ለምን ይመለሳል?

እህቴ፣ ድመትሽ የሸናችበት ሶፋ በበረኪና ታጥቦም ክረምት ሲገባ ሽታው እንደ አዲስ እንደሚነሣ ጽፈሻል። እባክሽ፣ በረኪናውን ተዪው! በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል።

ሽታውን የሚመልሰው ዩሪክ አሲድ ነው። በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ደርቆ ስፖንጁ ውስጥ ይቀመጥና እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ይሸታል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ግድግዳው ሳይቀር ይረጥባል፤ ጣና ዳር ያለ ቤትማ ይብስበታል።

የሶፋውን ልብስ አውልቂና ስፖንጁን አውጪው። ላዩን ብቻ ማጠብ ከንቱ ድካም ነው፤ ሽንቱ ወደ ታች ወርዷልና። መጀመሪያ የበረኪናው ቅሪት በብዙ ውኃ ተለቃልቆ ይውጣ፤ ከአቼቶም ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ከዚያ አቼቶና ቀዝቃዛ ውኃ እኩል ቀላቅለሽ እስከ ውስጡ አርሺው፣ ጨምቂው፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ግቢ ውስጥ አቁመሽ በደንብ አድርቂው። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪውና አራግፊው።

አቼቶ ሽታውን ያለዝባል እንጂ ዩሪክ አሲዱን አያፈርሰውም። እርሱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ያለበት የቤት እንስሳት ማጽጃ ነው፤ ካገኘሽ ያለ አቼቶ ለብቻው ተጠቀሚበት፣ ቶሎም አትጥረጊው። ዕጣን ማጨስ ለጊዜው ይሸፍናል፣ ከዚያ አያልፍም።

ትኩስ ሽንት ስታገኚ ሳትፈትጊ በደረቅ ጨርቅ ተጭነሽ አስመጥጪው።

ድመቷ ይህን በድንገት ከጀመረች የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል። እያማጠ ሽንት የማይወጣው ወንድ ድመት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ውሰጂው።